የበሩ ዘፈንና የቁልፉ ዘፈን

ሴትዮዋ ሸክላውን ያመጣችው በዳቦ ከረጢት ጠቅልላ ነው።

በስድሳዎቹ ዓመታት እዚሁ ቶሌዶ ውስጥ የተቀዱ ዘፈኖችን ሰብስቤ፣ የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ግድግዳና አንድ ጠረጴዛ ሰጥቶኝ ለሕዝብ እያሳየሁ ነበር። አርባ አንድ የዘፈን ሸክላ ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ ሥር ማን እንደዘፈነው፣ የት እንደተቀዳና መቼ እንደታተመ የሚናገር ካርድ አለ። ያልታወቀውን «አልታወቀም» ብዬ ጽፌዋለሁ። ግምት ካርድ ላይ አላወጣም።

ሴትዮዋ አርባ አንዱንም ካርድ ቆማ አነበበች። ዕድሜዋ ከእኔ ጥቂት ያነሰ፣ ወደ ስልሳ የሚጠጋ ነው። የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኞች የሚለብሱትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳለች። ስትጨርስ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«አንድ ይጎድላል» አለችኝ።

«የቱ?»

«የእኔ።» ከረጢቱን ፊቴ አስቀመጠችው። «ብቻ እንዳያጫውቱት።»

ሸክላ ስሰበስብ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። አውጥቼ በጠርዙ ያዝኩት። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብርቱካንማ ነው። «በሩን ቀስ ብለህ ዝጋ፤ የዶር እህትማማቾች» ይላል፤ ከሥሩ 606 የሚል ቁጥር ታትሟል። ስሙን በየትኛውም ዝርዝር ላይ አይቼው አላውቅም። ብርቱካንማውን ወረቀት ግን አውቀዋለሁ። ቤቴ ውስጥ፣ በብረት ሳጥን፣ ልክ እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈባት አንዲት ሸክላ አለችኝ። ቁጥሯ 607 ነው። ዘፋኟን ስፈልግ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኛል።

«ለምንድን ነው የማላጫውተው?» አልኳት።

«ውስጡ እኔ የለሁማ።»

ወንበር ሳብኩላት፤ ሊማን ቴት እባላለሁ አልኳት። ቬርዴል ፊንች እንደምትባል፣ ያኔ ግን ቬርዴል ራስኮ እንደነበረች ነገረችኝ። በ1966 አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ልብስ ንጽሕና ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ ከጓደኛዋ ከቮኔታ ጋር ዶር ጎዳና ላይ ከመኪና ወንበር ሰፊው ሱቅ ጀርባ ባለች መቅጃ ቤት ገብተው አንድ ዘፈን ቀዱ። ቀጂው ቴፑን ሲንሲናቲ ወዳለ ማተሚያ ላከው። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ካርቶን ሸክላ መጣ።

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው» አለች። «እናቴ ሳሎን ሠላሳ ሰው አለ። ዶሮው ተጠብሷል። ወንድሜ ክሊዎፈስ ተነስቶ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ እህቴ፣ ብሎ ንግግር አደረገ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሻለሁ። መርፌውን አስቀመጥኩ።» ከረጢቱን በጣቷ ገፋችው። «ወንዶች ናቸው። ነጮች። ጊታሩ እንደ መጋዝ ይጮኻል። "ቁልፌን መልሺ፣ ቁልፌን መልሺ" እያሉ ያጓራሉ። ስለ መኪና ነው።»

ቤቴ ያለችው የ607 ወረቀት ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው፤ «ቁልፌን መልሺ፤ ካውንቲ ላይነርስ»።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ አጎቴ ከወንበሩ ተነሳ። ኪሱን ዳበሰ፣ ዳበሰና የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። "እኔ ጋ ነው ልጆች፣ አትጩኹ" ብሎ አቃጨለው። በቃ። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራስኮ ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር እኔ ስገባ ሁሉም ቁልፉን አውጥቶ ያቃጭላል። ምክንያቱን የማያውቁ ልጆች ሁሉ ያቃጭላሉ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠርጋችን ቀን ፓስተሩ ፊት ቆሞ አቃጨለ።»

«ዘፍኛለሁ አላሏቸውም?»

«ብዬ ብዬ ደከመኝ። ቮኔታ የፓስተር ልጅ ናት። አባቷ ቢጠይቃት "መቅጃ ቤት የሚባል በሩንም አላውቅ" አለች። ባለፈው ዓመት ካሊፎርኒያ ሞተች። ምስክሬንም ይዛብኝ ሄደች። ያ ቀጂ ደግሞ ገንዘቤን በልቶ የሌላ ሰው ዘፈን ልኮልኛል ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ መዝሙር ቤት እንኳ አፌን አልከፈትኩም።» ወደ ግድግዳው አገጯን ቀሰረች። «የሚቀጥለው ቅዳሜ የቤተሰብ መሰባሰቢያችን እዚሁ ፓርኩ ውስጥ ነው። እዚያ ከሰቀሏቸው ካርዶች አንዷን ብቻ እፈልጋለሁ። ቬርዴል ራስኮ ዘፍናለች የምትል። ለክሊዎፈስ አሳየዋለሁ።»

አንድ ነገር ጠርጥሬ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሾፍባት ለኖረች ሴት ጥርጣሬ አንስቶ መስጠት፣ ኋላ ደግሞ ተሳስቻለሁ ብሎ መንጠቅ፣ ከቁልፉም የባሰ ነው።

«እህት ቬርዴል» አልኳት፣ «ያላረጋገጥኩትን ካርድ ላይ አልጽፍም።»

ትንሽ አየችኝ። «እንግዲያው እርስዎም ቁልፍዎን ያውጡ፣ ወንድም ቴት። ኪስዎ ውስጥ አይጠፋም።»

«ሸክላውን እስከ ረቡዕ ያውሱኝ።»

«ይውሰዱት። ሳልሰብረው የቀረሁት እንዲሁ በእልህ ነው።»

*

ሠላሳ አንድ ዓመት የጠርሙስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ጠርሙሱ በመብራት ፊት ያልፋል፤ አረፋ፣ ድንጋይ፣ ስንጥቅ፣ የተጣመመ አንገት ያለበትን በዓይን መልቀም ነው ሥራው። ጡረታ ስወጣ ዓይኔ ጡረታ አልወጣም። ሸክላን የማየው በዚያው ዓይን ነው፤ ከዘፈኑ በፊት ዕቃውን።

ዘፈኑ አልቆ መርፌው በባዶ የሚዞርበት፣ በወረቀቱ ዙሪያ ያለ ለስላሳ ቀለበት አለ። ማተሚያ ቤቶች የሥራ ቁጥራቸውን እዚያ ላይ በእጅ ይጭሩታል። ወረቀቱ የሚለጠፈው በኋላ ነው፤ ሰው ይሳሳትበታል። የተጫረው ቁጥር ግን ከድምፁ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው። ሸክላውን የሚያውቅ ሰው የሚያምነው ይህንኑ ነው።

ቤት እንደደረስኩ ባለቤቴ ኢሞጂን ወጥ ቤት በቆሎ ትፈለፍላለች። ከረጢቱን አየች።

«ዳቦ ነው ሸክላ?»

«ሸክላ።»

«የውሽማህ ዘመድ ናት?» ስሟ ያልታወቀውን ዘፋኝ የምትጠራት እንዲህ ነው። «አሥራ አምስት ዓመት ከሴት ጋር በአንድ ቤት ኖራ ስሟን ያልተናገረች እሷ ብቻ ናት።»

«ዛሬ ሳትናገር አትቀርም።»

ቢላዋዋን አስቀምጣ ተከተለችኝ። እንደዚያ ብያት አላውቅማ።

ብረት ሳጥኑን ከፈትኩ። የእኔን ሸክላ ያገኘኋት በ1989፣ ለመጠጥ ቤቶች ጁክቦክስ፣ ሳንቲም ሲገባበት ዘፈን የሚያጫውት ሳጥን፣ ያከራይ የነበረ ሰውዬ ሞቶ ዕቃው ሲሸጥ ነው። ወረቀቱ ካውንቲ ላይነርስ የተባሉ ልጆች ናቸው የዘፈኑት ይላል፤ ከስማቸው አባታቸው ጋራዥ ውስጥ ጊታር የሚደበድቡ የገጠር ነጭ ልጆች ይመስላሉ። መርፌውን ስታስቀምጥ ግን ፒያኖ ይጀምራል፤ ከዚያ አንዲት ወጣት ሴት፣ ድምፅዋ እንደ ሞቀ ሽሮፕ፣ ወዳጇ ሲሄድ በሩን ቀስ ብሎ እንዲዘጋ ትለምናለች። ቁልፍ የሚል ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለም። በር አምስት ጊዜ አለ።

እንግሊዝ አገር፣ ቦልተን፣ ባሪ ሆልሮይድ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ከእኔዋ ሌላ በዓለም ላይ መኖሯ የሚታወቀውን የዚህች ሸክላ ብቸኛ ቅጂ የያዘው እሱ ነው። ስለ ዘፈኑ ሰባት ገጽ ጽፏል። ቁልፉ ምሳሌ ነው ይላል፤ በር ያለ ቁልፍ ስለማይኖር ገጣሚው ሆን ብሎ ሰውሮታል። መሃል ላይ፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ አንድ ሴኮንድ ላይ፣ ዘፋኟን ሲቃ ይይዛታል፤ ቃሉ ጉሮሮዋ ውስጥ ይሰበራል። ባሪ ስለዚያች ሲቃ ብቻ ሁለት ገጽ ጽፏል። እኔም አምኜዋለሁ። ያልተስማማነው ከሲቃዋ በፊት በሚሰማው ድምፅ ነው። እሱ የከበሮ መሣሪያ ነው ይላል። እኔ ጠርሙስ ነው አልኩት፤ ትንሽ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ቂጡ ወፍራም፣ ግማሽ የቀረው፣ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ የተንከባለለ። «ሊማን፣ አንተ ሁሉም ነገር ጠርሙስ ነው የሚመስልህ» ብሎ መለሰልኝ።

የቬርዴልን ሸክላ መብራት ሥር አደረግኩ። አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ገጠምኩ። ወረቀቱ 606። ቀለበቱን አዞርኩ፤ ተጭሮ ያለው 607 ነው።

ወረቀቱ የሌላ ሸክላ ነው ማለት ነው። አሁን የእኔ ቀለበት 606 ቢል ነገሩ አለቀ፤ ማተሚያው የሁለቱን ወረቀት አለዋውጦ ለጥፏል።

የእኔ ግን 606 አይልም። አውቀዋለሁ። በ1989 ማስታወሻዬ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ 909።

«ምን ሆነ?» አለች ኢሞጂን።

«አልገጠመም።»

«እንዴት አልገጠመም? ፊትህ ገጥሞ ነበርኮ።»

አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ የእኔን ሸክላ አንስታ መብራቱ ላይ ያዘች። ያለ መነጽር ስለማታይ ክንዷን ዘርግታ አራቀችው፤ እያዞረች ዓይኗን አጠበበች።

«እኔ 606 ነው የማነበው» አለች።

«909 ነው።»

«አንተ እዚያ፣ እኔ እዚህ ነና ያለነው።»

ትይዩ ቆመን ነበር። ከዚያ ንጠቅ እንደተባለ ሰው ከእጇ ተቀበልኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ክብ ነገር ላይ የተጫረ ቁጥር አናትና እግር የለውም። አብዛኞቹ ማተሚያዎች የቁጥሩን እግር ወደ መሃል አድርገው ስለሚጭሩ፣ እኔም እንደ ልማዴ እንደዚያው አንብቤዋለሁ። ሲገለበጥ 909 ሆኖ የሚነበብ ቁጥር ደግሞ 606 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ገልብጬ አንብቤዋለሁ።

ቢሆንም «ሊሆን ይችላል» ማለት «ነው» ማለት አይደለም። የቬርዴልን መልሼ አነሳሁ። የሷ ቁጥር 607 ነው፤ ሰባት ቢገለበጥ ቁጥር አይሆንም፤ ስለዚህ ሰውዬው እግሩን ወዴት አድርጎ እንደሚጭር ሰባቷ ትናገራለች። እግሩ ወደ ውጭ ነው፣ ወደ ጠርዙ። የስድስቷን አጻጻፍም አየሁ፤ ጭራዋን ሲጀምር መርፌውን ጫን ያደርግና ነጥብ ይተዋል። የእኔዎቹ ሁለት ስድስቶች ላይ ያቺው ነጥብ፣ በዚያው ቦታ አለች። አንድ እጅ ነው። የእኔን እግሩን ወደ ጠርዝ አድርጌ አነበብኩ።

606።

«ኢሞጂን» አልኩ፣ «ውሽማዬ ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የምትሠራው።»

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቬርዴል ቤት ሄድን። ኢሞጂን ካልመጣሁ ብላ ማጫወቻውን ጭኗ ላይ ይዛ መኪና ውስጥ ገባች። ሸክላዬን ግን ቦርሳዬ ውስጥ ዘግቼበታለሁ። ቬርዴል ቀድማ ከሰማችው የቀራት ትዝታ ከዘፈኑ ጋር ይቀላቀልና የምትነግረኝ ነገር ምስክርነት መሆኑ ይቀራል። መጀመሪያ ትናገር፣ ከዚያ ትስማ።

ቀዝቃዛ ሻይ ቀዳችልን። «ካርዴን ይዘው መጡ?»

«ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። የቀዳችሁ ቀን የሆነውን፣ ከበሩ ጀምረው ይንገሩኝ። ትንሽ ነው ብለው አይተዉ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለፈውን ነገር?»

«ዘፈኑን ስንት ጊዜ ዘፈናችሁት?»

«ሦስት። ሁለቱን ፒያኒስቱ አበላሸው፣ ከመጠጥ ቤት ነው የመጣው። ሦስተኛው ላይ ቀጂው ቴፕ አልቋል፣ ከዚህ ወዲያ የለም አለን።» ሻይዋን አስቀመጠች። «ሦስተኛውም ሊበላሽ ነበር። ቮኔታ ናታ።»

«ቮኔታ ምን አደረገች?»

«ለስላሳዋን እግሯ ሥር አስቀምጣለች። የብርቱካን። እንዳታስቀምጪ ብያታለሁ። መሃል ላይ፣ እኔ ሁለተኛውን በር ስል፣ በጫማዋ መታችው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ተንከባለለ፣ ተንከባለለ፣ አይቆምም። ቀጂውን በመስታወቱ አየሁት፣ ጭንቅላቱን ይዟል። ቮኔታን አየኋት፣ ዓይኗ እንደ ሰሐን። ሳቄ መጣ። ቃሉን አፌ ውስጥ አንቄ ዋጥኩት። እንዴት እንደጨረስኩት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።»

ኢሞጂን ወደ እኔ ዞረች። ስለ ጠርሙሱ ከባሪ ጋር የተጻጻፍኩትን ደብዳቤ ሁሉ ፖስታ ቤት የወሰደችልኝ እሷ ናት።

«ግማሽ የቀረው ነበር?» አልኳት ቬርዴልን።

«ምኑ?»

«ጠርሙሱ።»

«ግማሽ ይሆናል። የቮኔታን ካልሲ ነክሮታል። ለምን ይጠይቁኛል?»

ሸክላዬን ከቦርሳው አውጥቼ ማጫወቻው ላይ አደረግኳት። ቬርዴል ብርቱካንማውን ወረቀት አየችና እጇን አነሳች። «ወንድም ቴት፣ እንዳያጫውቱት ብዬዎታለሁ።»

«ይሄ የእርስዎ አይደለም። ወረቀቱን ያንብቡ፣ የልጆቹ ነው። የእርስዎ ዘፈን ያለው ግን እዚህ ይመስለኛል።»

ፒያኖው ጀመረ።

ሰው የራሱን ድምፅ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚሆን አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁንም በደንብ አላየሁትም፤ ቬርዴል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ያየሁት ጣቶቿን ነው። ጉልበቷ ላይ ሆነው ከፒያኖው ግማሽ ምት ቀድመው፣ የሚመጣውን እያወቁ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለተኛው በር ደረሰ። ጠርሙሱ ወደቀ። ተንከባለለ። እኔና ባሪ ስናለቅስላት የኖርነው ሲቃ መጣች።

ሲቃ አይደለችም። ሳቅ ናት። እሷም ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ፊቷን እንዳዞረች፣ ያንኑ ሳቅ ሳቀች፤ ሁለቱ ተደራርበው ተሰሙ።

ሲያልቅ ማናችንም መርፌውን አላነሳንም። በባዶው ቀለበት ላይ ዞረ፣ ዞረ።

«ቮኔታ ከታች ያለውን ስትይዝ ሰማችኋት?» አለች በመጨረሻ። «መቅጃ ቤቱን በሩንም አላውቅ ያለችው ሴትዮ ናት። ምን የመሰለ ድምፅ እንዳላት ስሙ።»

*

በዚያው ቀን ከመምሸቱ በፊት አንድ ስልክ ነበረብኝ። ከካውንቲ ላይነርስ አንዱ፣ ዌስ ኦበርሆልት፣ ፍሪሞንት ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት አግኝቼው ስለ ዘፈኑ ስጠይቀው «ያ እኛ አይደለንም» ብሎ ዘግቶብኛል። ማስታወሻዬ ላይ ቀኑን ጽፌ፣ ከጎኑ «ካደ» ብዬ ነበር።

«ሚስተር ኦበርሆልት፣ ሊማን ቴት ነኝ፣ ስለ ሸክላው ደውዬልህ የነበርኩት።»

«እኛ አይደለንም አልኩህኮ።»

«እውነትህን ነው። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የደወልኩት።»

ከዚያ የሳሎኑን በር ሲዘጋ ሰማሁ። እንደነገረኝ፣ የነሱም ካርቶን መጥቶ ሲከፈት ሴት ልጅ ስለ በር ስትዘፍን ተገኘች፤ አባቱ ካርቶኑን ለጁክቦክሱ ሰውዬ በነጻ ሰጠው። የራሳቸውን ዘፈን ሰምተውት አያውቁም። የቬርዴልን የእልህ ሸክላ አጫወትኩና የስልኩን እጀታ የድምፅ ማጉያው ላይ ያዝኩለት። «ቁልፌን መልሺ» የሚለው ጩኸት ቤቴን ሞላው፤ ኢሞጂን ጆሮዋን ይዛ ወጣች።

ሲያልቅ «ዴኒ ከበሮውን አፍጥኖታል» አለ ዌስ። «ያኔም ነግሬዋለሁ፣ አላመነኝም።» አፍንጫውን ሳበ። «እንደገና ታስቀምጥልኛለህ?»

*

ቅዳሜ የራስኮ ቤተሰብ ፓርኩ ውስጥ ያለውን ትልቁን ዳስ ይዞታል። ስልሳ የሚሆን ሰው፣ ሁሉም ቢጫ ካናቴራ። የሚጠበሰው የጎድን ሥጋ ጭስ ገና ከመኪና ማቆሚያው ይሸታል። ቬርዴልም ቢጫዋን ለብሳ ከፊታችን ሄደች፤ እኔ ማጫወቻውን፣ ኢሞጂን የኤሌክትሪክ ገመዱን ይዘን ተከተልናት።

ዳሱ ጋ ስትደርስ ተጀመረ። መጀመሪያ አንድ ቁልፍ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያ ሁሉም። ሕፃናቱ የአባቶቻቸውን ነጥቀው ያቃጭላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ያስቃል፤ ከፊት ለፊቱ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። ቬርዴል እርምጃዋን አልቀነሰችም።

ክሊዎፈስ ከምድጃው ኋላ ነበር፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሆዱ ከመጥበሻው የሚቀድም። ቁልፉን ከጆሮዋ አጠገብ አቃጨለላት።

«ኮከባችን መጣች። መኪናሽን አገኘሽው እንዴ?» ወደ እኔ ዞረ። «ይሄስ ማነው፣ ጠበቃሽ ነው?»

«የጠርሙስ ተቆጣጣሪ ነኝ» አልኩት።

«በጣም ጥሩ፣ ባዶዎቹ እዚያ ጥግ ናቸው።»

ዳሱ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ ሰውዬው ያስቃል።

«ክሊዎፈስ» አለች ቬርዴል፣ «ያኔ ያደረግክልኝ ንግግር አላለቀም ነበር። ዛሬ ጨርስልኝ።»

«ወይ ጉድ። ልታጫውቺው ነው?» መጥበሻውን ለአንዱ ሰጠና ቁልፉን ከፍ አድርጎ ያዘ። «ክቡራትና ክቡራን፣ እህቴ። ቁልፋችሁን አዘጋጁ፣ ወንዶቹ ሊመጡ ነው።»

ሁሉም ቁልፉን አነሳ። መርፌውን አስቀመጥኩ።

ፒያኖው ሲጀምር አንዳንዱ አቃጨለ፣ ከዚያ ግራ ተጋብቶ ተወው። ድምፅዋ ሲገባ ክሊዎፈስ አሁንም እየሳቀ ነበር። «ቆዩ፣ ቆዩ፣ አሁን ይመጣሉ» አለ። የመጀመሪያው በር አለፈ። እጁ ተነስቶ እንደቀረ ቀረ። ጠረጴዛው ጫፍ ያለች አንዲት ሴት «ይሄ ማን ነው?» አለች። ሁለተኛው በር ደረሰ፣ ጠርሙሱ ተንከባለለ፣ ሳቋ አመለጠ።

የክሊዎፈስ እጅ ወረደ።

ሲያልቅ እህቱን ሳይሆን ማጫወቻውን እያየ ተናገረ። «ይህቺ ሳቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንት ጊዜ አስገርፋኛለች። እሷ ትስቃለች፣ እናቴ ዞር ስትል እሷ መዝሙር ትዘምራለች፣ የምገረፈው እኔ።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ የምድጃው ጭስ አስመሰለው። «ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ቬርዴል። ለምን ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ? አንተ ታቃጭል የለ፣ በምን ጆሮህ ትሰማኛለህ።»

ሰው ሁሉ ክሊዎፈስን ያይ ነበር። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «በይ እንደገና አጫውቺው» አለ፣ ዝግ ብሎ።

ቬርዴል የድንች ሰላጣው ያለቀበትን ትልቁን ጎድጓዳ ሳሕን አነሳችና በናፕኪን ጠረገችው። ፊቱ ዘረጋችለት።

«መጀመሪያ ቁልፌን መልስ።»

ቁልፉን አየው፣ እሷን አየ፣ ሳሕኑ ውስጥ ጣለው። ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ሰበሰበች። አጎቶች ሰጡ፣ የልጅ ልጆች ሰጡ፤ አንዱ ወጣት ሊደብቅ ሲል ሚስቱ ከኪሱ አውጥታ ወረወረችው። ኢሞጂን የእኛን ቁልፍ ጨመረች። «ባሌም ገልብጦ ሲያነብ ነው የኖረው» አለቻት።

ቬርዴል ሳሕኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከማጫወቻው አጠገብ ተቀመጠች። ካርዱን ሰኞ እንደምሰቅለው ነገርኳት፤ አርባ ሁለተኛው፤ ዘፋኝ ቬርዴል ራስኮ፣ አጃቢ ቮኔታና አንድ የብርቱካን ለስላሳ ጠርሙስ።

«ጠርሙሱን ያስቀድሙት» አለች። «ምስክሬ እሱ ነው።»

መርፌውን መለስኩ። ስልሳ ሰው፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ፣ ተቀምጦ አዳመጠ። ክሊዎፈስ ምድጃውን ረስቶታል፤ ሥጋው ሲያርር ይሸተኛል። ሁለተኛው በር ሲደርስ ቬርዴል ቀና አለች። ጠርሙሱ ወደቀ፣ ተንከባለለ፤ እሷም ሳሕኑን በሁለት እጇ አንስታ የሰበሰበችውን ቁልፍ ሁሉ አንድ ጊዜ፣ በደንብ፣ አቃጨለችው።